ሊባኖስ ቆሻሻዋን የምትጥልበት መሬት አጣች ወይስ የሚለይላት እጅ አጣች?

ናፍቆት ዘዳውራ (ክሩን የከፈተች)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድም፣ ሊባኖስ መዳፍ የምታህል አገር ስለሆነች ቆሻሻዋን የምትጥልበት መሬት እንደሌላትና ችግሯም ይኸው ብቻ እንደሆነ ጽፈው ነበር። እዚያው ልመልስላቸው ጀምሬ ነገሩ ስለረዘመብኝ ራሱን የቻለ ክር ከፈትኩ። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከ2011 እስከ 2019 ድረስ ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ስሠራ ኖሬአለሁ። በየምሽቱ ከአምስተኛ ፎቅ ዝባሌውን (ቆሻሻውን) ይዤ ወደ መንገድ ዳር ገንዳ የምወርደው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ስለ አገሪቱ ፖለቲካ የማውቀው ጥቂት ቢሆንም ስለ ከረጢቱ ክብደት ግን ማንም አያስተምረኝም። ያ ከረጢት የሚከብደው በፕላስቲክና በካርቶን አልነበረም። በሩዝ ለሚሞላው ማሕሺ የተፈለፈለ የኩሳ (የዝኩኒ) ሆድ፣ የታቡሌ ፐርሰሜሎ ግንድ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ ከትናንት የተረፈ ሩዝ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ነበር የሚያከብደው፤ ደረጃውን ስወርድ ከሥሩ ውኃ እየተንጠባጠበ ናቱሩ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ ይቆጣኝ ነበር። በኋላ ሳነብ የተረዳሁት፣ ከአገሪቱ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሆነው ይኸው የሚበሰብስ ነገር መሆኑን ነው። «ደረቅ ቆሻሻ» ብለን የምንጠራው ነገር፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ እርጥብ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከቤይሩት ጎን ያለው የቡርጅ ሐሙድ የቆሻሻ ክምር በ1997 ሲዘጋ፣ የቤይሩትና በዙሪያዋ ያለው የጀበል ሉብናን ክፍለ ሀገር ቆሻሻ ከከተማዋ በስተደቡብ በናዕመ ኮረብታዎች መካከል ወደሚገኝ ሸለቆ እንዲሄድ ተወሰነ። ቦታው ጊዜያዊ ነው ተባለ፤ 2 ሚሊዮን ቶን ያህል እንዲይዝም ታቀደ። ይህ «ጊዜያዊ» ቦታ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ሲሠራ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ተቀበለ። ነዋሪዎቹ በ2014 መጀመሪያ መንገድ ዘግተው ሲጮኹ የመዝጊያ ቀን ተቆረጠላቸው፤ ቀኑ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ፤ በመጨረሻ ሐምሌ 17 ቀን 2015 ናዕመ ተዘጋ። በዚያው ዕለት የቆሻሻ ሰብሳቢው ድርጅት የሱክሊን ውልም አበቃ። ምትክ ቦታ ግን አልተዘጋጀም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ገንዳዎቹ በሁለት ቀን ሞሉ፣ ከዚያም የገንዳዎቹ ቅርጽ ራሱ ከክምሩ ሥር ጠፋ። ሠራተኞች በክምሩ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበት ነበር፤ ሲመሽ ሰዎች እሳት ይለኩሱበት ነበር። ማዳም በነሐሴ ሙቀት መስኮት ሁሉ እንዲዘጋ አዘዘች፤ መብራት ሲጠፋና ማቀዝቀዣው ሲቆም ግን ከሽታውና ከሙቀቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነበር። በዚያ ወር በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች «ጥልዐት ሪሐትኩም» እያሉ አደባባይ ወጡ። «ሽታችሁ ወጣ» ማለት ነው፤ የተናገሩት ስለ ገንዳው ብቻ እንዳልነበረ ለመረዳት ብዙ ዐረብኛ አያስፈልግም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የአገሪቱ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሆነው ነገር ኮምፖስት መሆን የሚችል ከሆነ፣ የጎደለው በእርግጥ መሬት ነው?

የቡርጅ ሐሙድ ጎረቤት

እህት ናፍቆት፣ በዝርዝር ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። እኔ እስካሁን እዚሁ ስለምኖር ከ2016 ወዲህ ያለውን ልጨምርበት።

ከስምንት ወር መንገላታት በኋላ መንግሥት ያመጣው መፍትሔ ቆሻሻውን ወደ ባሕሩ ዳር መውሰድ ነበር። በመካከሉ ወደ ሩሲያ በመርከብ ለመላክ ታስቦ ነበር፤ ሰነዱ ትክክለኛ ሆኖ ባለመቅረቡ በየካቲት 2016 ተሰረዘ። ከዚያ ናዕመ ለሁለት ወር ብቻ ተብሎ እንደገና ተከፈተ፣ በጎን ደግሞ ሁለት የባሕር ዳር መጣያዎች ተዘጋጁ፦ አንዱ በሰሜን በቡርጅ ሐሙድና በጅዴይዴ፣ ሌላው በደቡብ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ኮስታ ብራቫ በሚባለው ቦታ። ሁለቱም በድንጋይ ግድብ ባሕሩን ከልሎ ውስጡን በቆሻሻ መሙላት ማለት ናቸው። ሲሞሉ አዲስ መሬት ይሆናሉ ተብሎ ለማዘጋጃ ቤቶቹ ተስፋ ተሰጣቸው። ይህ ለቤይሩት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በጦርነቱ ዘመን በኖርማንዲ ሆቴል ፊት ለፊት ወደ ባሕር የተጣለው ቆሻሻ ዛሬ ሰው ሽርሽር የሚወጣበት የከተማዋ ባሕር ዳር አካል ሆኗል።

የኮስታ ብራቫን ነገር ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት በወፎቹ ምክንያት ይመስለኛል። ቆሻሻው የባሕር ወፎችን ሳበ፤ ወፎቹ ደግሞ አውሮፕላን በሚነሣበትና በሚያርፍበት መስመር ላይ ያንዣብቡ ጀመር። በጥር 2017 ፍርድ ቤት መጣያው ለጊዜው እንዲዘጋ አዘዘ፣ ከዚያም አዳኞች ጠመንጃ ይዘው ወፎቹን እንዲገድሉ ተደረገ። መጣያውን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያደረገው ሰው ሳይጠየቅ ወፉ ተቀጣ።

በእኛ ወገን ደግሞ በ1997 የተዘጋው አሮጌ ክምር እንደገና ተቆፍሮ ባሕሩን ለመሙያነት ዋለ። ዓሣ አጥማጆቹ ጮኹ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ከሆነ ነጠላችንን በአፍንጫችን ላይ እናደርጋለን። በጥር 2018 ማዕበል ተነሥቶ ከቤይሩት በስተሰሜን ያለው የዙቅ ሞስቤሕ ባሕር ዳር በአንድ ሌሊት በፕላስቲክ ተሸፍኖ አደረ፤ ባሕሩ የተሰጠውን መለሰ። የጅዴይዴ መጣያ በሚያዝያ 2020 መጨረሻ ሞልቷል ተብሎ ሥራ ሲያቆም ቆሻሻው ወደ መንገድ ተመለሰ፤ መፍትሔውም ክምሩን ወደ ላይ ማሳደግ ሆነ። አሁንም «ለጊዜው» ተባለ።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ

የአካባቢ ምህንድስና ባለሙያ እንደመሆኔ ስለ ውኃው ነገር ጥቂት ልበል፤ ናፍቆት ከረጢቱ ለምን እንደሚከብድ ስትጽፍ የጉዳዩን ሥር ነክታለችና።

የሚበሰብስ ነገር ከሌላው ጋር ተደባልቆ ሲቀበር ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። አየር በሌለበት ሲብላላ ሚቴን ጋዝ ይወጣዋል፤ ሚቴን ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው፤ ክምሩ ውስጥ ሲጠራቀምም እሳት ያስነሣል። ሁለተኛው፣ ውኃው በክምሩ ውስጥ ሲወርድ ከባትሪው እርሳሱን፣ ከቀለሙና ከመድኃኒቱ ኬሚካሉን እያጠበ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ከሥር ይወጣል። ይህን ፈሳሽ የሚይዝ ንጣፍና የሚያጣራ ገንዳ ከሌለ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ወይም ወደ ባሕር ይሄዳል። እርጥቡ ከመነሻው ቢለይ ሁለቱም ችግሮች በእጅጉ ይቀንሳሉ፣ የቀረው ወረቀትና ፕላስቲክም ሳይቆሽሽ ስለሚደርስ ገዢ ያገኛል። የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግምታቸው፣ ኮምፖስት ሊሆንም ሆነ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የማይችለው የሊባኖስ ቆሻሻ ከመቶ 10 እስከ 12 ብቻ ነው ብለዋል፤ የሚቀበረው ወይም ሜዳ ላይ የሚጣለው ግን 77 ከመቶ ነው።

በተጨማሪ ስለ ቤይሩት ብቻ ስናወራ የተቀረችዋን ሊባኖስ እንዳንረሳት እሰጋለሁ። የአካባቢ ሚኒስቴሩና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ሲቆጥሩ በመላ አገሪቱ 941 ክፍት መጣያዎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህ 617ቱ የቤት ቆሻሻ የሚጣልባቸው ናቸው፣ ከ150 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ማቃጠሉ በብዛት የሚታየው በምሥራቁ የበቃዕ ሸለቆና በደቡቡ ባሉ ድሀ ከተሞች ነው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሜዳ ላይ፣ ፕላስቲክና እርጥብ ቅጠል አብሮ ሲቃጠል ዳዮክሲንና ጥቃቅን ብናኝ ይወጣል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዳዮክሲኑ ደግሞ ሣር ላይ ወርዶ ላሟ ትግጠዋለች፣ በወተቱም ይመለሳል።

ታዲያ በዘመናዊ ማቃጠያ ለምን አይቃጠልም የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ቤይሩትም ውስጥ ለዓመታት አከራክሯል። መልሱ ያው ውኃው ነው። እርጥብ ቆሻሻ ከሚሰጠው ኃይል ብዙውን የራሱን ውኃ ለማትነን ይጨርሰዋል፣ የሚተርፈው አመድም መርዛማ ስለሆነ ለብቻው የሚቀበርበት ቦታ ይፈልጋል። እኛም ረጲ ላይ በቀን 1,400 ቶን እንዲያስተናግድ የታሰበ ማቃጠያ በ2018 መርቀናል። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እዚያው ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ክምር ሲረዝምና ውኃ ሲጠግብ ቁልቁለቱ አይይዘውም፤ ለዚህ ነው ጎረቤታችን ከቡርጅ ሐሙድ «ወደ ላይ አሳደጉት» ስትል የደነገጥኩት።

ገለልተኛ አስተያየት

ሊባኖስ ቆሻሻ የምትጥልበት መሬት የላትም ብዬ በሌላው ክር የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ለመከላከል ይፈቀድልኝ።

ስለ መሬት ስናገር ስለ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ አልነበረም። የሊባኖስ ተራሮች በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ናቸው። የኖራ ድንጋይ በዝናብ እየተቦረቦረ ዋሻና ስንጥቅ ይሆናል፤ የጄዒታን ዋሻ የጎበኘ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። እንዲህ ባለ ተራራ ላይ የተጣለ ቆሻሻ ጥቁር ፈሳሹን በአፈር ሳይጣራ በስንጥቁ አሳልፎ በአጭር ጊዜ ከሥር ወዳለው ምንጭ ያደርሰዋል። ከተራራው ውጪ ያለው ደግሞ ወይ የበቃዕ የእርሻ ሜዳ ነው፣ ወይ ሕዝብ ተፋፍጎ የሚኖርበት ጠባብ የባሕር ዳር ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ መሬት ቢታይም ለቆሻሻ የሚሆን መሬት እምብዛም የለም። ይህን ያልኩት ባለሥልጣናቱን ነፃ ለማውጣት አይደለም።

ሌላው፣ እህት ናፍቆት መፍትሔውን በወጥ ቤት ውስጥ የምትፈልጊው ይመስለኛል። ሰብሳቢው የሚከፈለው በቶን ነበር። በቶን የሚከፈለው ድርጅት ቆሻሻው ቢቀንስ፣ ውኃው ቢወጣለት፣ ገቢው ይቀንሳል። የቤት እመቤቲቱም ሆነች ሠራተኛዋ የኩሳውን ሆድ ለብቻ ብታስቀምጥ፣ የሚያነሣው መኪና አንድ ከሆነ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሰይዳ የነበርኩ

በአጭሩ፦ በደቡብ ባለችው በሰይዳ ከተማ ከባሕሩ ጫፍ ላይ «ጀበል ዝባሌ» የሚሉት የቆሻሻ ተራራ ነበር፤ ከምሠራበት ቤት በረንዳ ላይ ይታየኝ ነበር። በክረምት ማዕበሉ ሲመታው እየተናደ ወደ ባሕር ይገባ ነበር፤ ፕላስቲኩም እስከ ቆጵሮስና እስከ ሶርያ ዳርቻ ደርሶ ጎረቤት አገሮች አቤቱታ አሰምተዋል። ለሠላሳ ዓመት ያህል አይነሣም ሲባል የኖረው ተራራ ተነሥቶ በቦታው በ2016 መናፈሻ ተከፍቷል። ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም። ምንም እንኳ አጠገቡ ያለው ማጣሪያ ፋብሪካ ሥራው እየላላ ክምሩ መልሶ ማደጉን ጓደኞቼ ቢነግሩኝም፣ መናፈሻው ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ አይቻለሁ።

ዘሕሌ ሰባት ዓመት

ስለ በቃዕ ካነሣችሁ የሊጣኒን ወንዝ አትዝለሉት። ከበዓልበክ አካባቢ ተነሥቶ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሲፈስ የየከተማውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የእርሻውን ማዳበሪያና በዳርቻው የተጣለውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ የቀርዑን ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። እኔ የነበርኩበት ቤተሰብ በልጅነታቸው በዚህ ወንዝ ይዋኙ እንደነበር ይናገሩ ነበር፤ እኔ በደረስኩበት ዘመን መኪና ውስጥ ሆነን ድልድዩን ስንሻገር መስታወት እንዘጋ ነበር። በሚያዝያ 2021 ከዚያ ሐይቅ 40 ቶን ያህል የሞተ ዓሣ በዳርቻው ተከማችቶ ተገኘ። በዚሁ ውኃ ድንችና ሽንኩርት ይጠጣል፤ ድንቹ ቤይሩት ይሄዳል፣ ልጣጩ ደግሞ ናፍቆት ከረጢት ውስጥ ይገባል።

በዚህ አጋጣሚ፣ በ2020 የኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ እህቶቻችን በአሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው በቆንስላችን በር ላይ እንዴት ተጥለው እንደቀሩም መነሣት ያለበት ይመስለኛል።

አወያይ

እህታችን በመጨረሻ ያነሡት ጉዳይ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ የተከፈተ ክር ስላለ እዚያ እንዲቀጥሉበት በአክብሮት እንጠይቃለን። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ክር ስናደርግ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

ናፍቆት ዘዳውራ

ወንድሜ ገለልተኛ አስተያየት፣ ስለ ኖራው ድንጋይ የጻፉትን ሳነብ ክርክሬን ማስተካከል እንዳለብኝ አምኛለሁ። ለመቅበሪያ የሚሆን መሬት እንደሌለ ተቀብያለሁ። ግን የእርስዎ መከራከሪያ የእኔን የሚያጠናክር አይመስልዎትም? መቅበሪያ የሌለው አገር ከሌላው አስቀድሞ መለየት አለበት እንጂ ተደባልቆ የሚቀበርበትን ጥግ እየፈለገ ባሕሩ ድረስ መውረድ አልነበረበትም። በ2018 የወጣው ቁጥር 80 ሕግም ከምንጩ መለየትን ደንግጓል፤ ደንጋጊዎቹም ያወቁት ነገር ነው ማለት ነው።

ስለ መኪናው ያነሡት ግን ልቤን ነክቶታል። ከ2015ቱ ቀውስ በኋላ እኛ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ገንዳ ተቀምጦ፣ ደረቁን ለብቻ እርጥቡን ለብቻ እንድናደርግ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ማዳም በነገሩ ከልቧ ስለተነሣች ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ባልዲ አኖረች፤ እኔም የእርጎ ዕቃውን እያጠብኩ፣ ጠርሙሱን እየጨመቅኩ፣ አሥር ወር ያህል ለየሁ። አንድ ሌሊት ከባድ ራስ ምታት ይዞኝ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ መኪናው መጣ። ሁለቱም ገንዳዎች ተራ በተራ ወደ አንዱ ሆድ ተገለበጡና መጭመቂያው ወረደባቸው። በነጋታው ለማዳም ብነግራት «ያላ፣ ምን ይደረግ» አለችኝ፤ ሁለተኛው ባልዲ ለወለል ማጠቢያ ሆነ።

ይሁንና በቤይት ሜሪና በቢክፋያ በሚባሉት የተራራ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የየራሳቸውን መለያ ጣቢያ አቁመው የከተማቸውን ቆሻሻ እዚያው ሲለዩ ነበር፤ የሰፈራቸው መኪና የሰፈራቸውን ይዞ አጭር መንገድ ይሄዳል፣ የሚለየውም የሚያውቁት ሰው ነው። ቤይሩት ግን የነበራት የካራንቲና መለያና ኮምፖስት ማዘጋጃው ራሱ በነሐሴ 4 ቀን 2020 የወደቡ ፍንዳታ ተመታ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ እዚያ ያላችሁት ብትነግሩን ደስ ይለኛል።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ

ገለልተኛ አስተያየት ስለ አከፋፈሉ ያሉት ነገር ትልቅ ነውና አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ውል ሲጻፍ ክፍያው ወደ መጣያው በሚገባው ቶን ሳይሆን ተለይቶ ከመጣል በዳነው ቶን ቢሰላ፣ የናፍቆትን ሁለት ገንዳ ወደ አንድ ሆድ የሚገለብጥ ሾፌር ድርጅቱን ያከስር ነበር። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ሕግ ስላዘዘው አይደለም፤ ላስቲኩና ብረቱ በኪሎ ስለሚከፈለው ነው።

የቡርጅ ሐሙድ ጎረቤት

ናፍቆት፣ ከፍንዳታው በኋላ ያለውን ልንገርሽ። ጣቢያዎቹ ሲመቱ የቤይሩት ቆሻሻ ሳይለይ በቀጥታ ወደ ጅዴይዴ ይሄድ ጀመር። ከዚያ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ከባንግላዴሽ የመጡት የጽዳት ሠራተኞች ደመወዛቸው በዶላር መከፈሉ ስለቀረ ሥራ አቁመው ነበር፤ ሊራው ሲወድቅ የገንዳው ነገር ሁሉ አብሮ ወደቀ።

ነገር ግን ሊራው ሲወድቅ የመጡ ሌሎች ለዪዎች አሉ። ጎህ ሲቀድ የልጅ ጋሪ፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ፣ ሞተር ብስክሌት የታሰረበት ሳጥን እየገፉ ገንዳውን የሚበረብሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሶርያውያን፣ ብዙዎቹም ልጆች። ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱን፣ ካርቶኑን ይወስዳሉ። የሚፈልጉትን ለማግኘት ከረጢቱን ስለሚቀዱት እርጥቡ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል፣ ድመቱና አይጡ ይሰበሰባል፣ ጎረቤቶቼም ይሰድቧቸዋል። በቀን ስንት እንደሚያገኙ አንዱን ልጅ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

እኔ አሁን የምሠራው ለራሴ ነው፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ናቱርም የለንም። ስለዚህ እንደ አንቺ ሁለት ባልዲ አለኝ። ደረቁን በግልጽ ከረጢት፣ ውስጡ እንዲታይ አድርጌ፣ ማታ ከገንዳው ጎን በብረቱ አጥር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ከረጢቱ የለም፣ የእርጥቡ ከረጢት ግን ሳይቀደድ ገንዳው ውስጥ አለ። መኪናው የሚመጣው ከለዪዎቹ ልጆች በኋላ ስለሆነ የሚደባልቀው ነገር አያገኝም። ባለፈው ወር ከፎቅ በላይ ያሉት አርመናዊት አሮጊት ምን እንደማደርግ ጠይቀውኝ ነበር፤ አሁን አጥሩ ላይ ሁለት ከረጢት ያድራል።

ለእርጥቡ ግን እስካሁን መላ አላገኘሁለትም፤ በበረንዳ ላይ በጣሳ ኮምፖስት ያዘጋጀ ሰው ካለ፣ ሽታውንና ዝንቡን እንዴት እንደቻለው ቢጽፍልኝ።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ

ጣሳው ከሥሩና ከጎኑ ይበሳ፣ አየር ያስፈልገዋል። አንድ እጅ ልጣጭ በጨመርሽ ቁጥር ሁለት እጅ ያህል የተቀደደ ካርቶን፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አልብሽው፤ የሚሸተው ውኃው ሲበዛና አየሩ ሲያንስ ነው። ሥጋ፣ ዘይትና ወተት ያለበትን አታስገቢ። በሳምንት አንድ ጊዜ አገላብጪው፤ ጨምቀሽው ውኃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ካርቶን ጨምሪበት። በቤይሩት ሙቀት ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። ካርቶኑን ግን ለጋሪዎቹ ልጆች ከምትሰጪው ላይ አትቀንሺ፤ የእንቁላል መያዣው ይበቃሻል።

የቡርጅ ሐሙድ ጎረቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። የእንቁላል መያዣ ከታች ሱቅ በነፃ አገኛለሁ። ጣሳውን ዛሬ ማታ እበሳለሁ።